ስንቅ ያመላለሳችሁም ስንቅ የጠበቃችሁም፣ እስቲ ያልተነጋገርነውን እንነጋገር

ምሳዕቃ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ለዚህ ቤት። ለዓመታት እያነበብኩ ዝም የምል ሰው ነኝ። ዛሬ ግን አላስችል አለኝ።

ወንድሜ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ታስሮ ነበር። የትና በምን የሚለውን ተዉልኝ። በመጨረሻ ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው፤ ከወጣ አራተኛ ወሩን ይዟል። ያን ሁሉ ጊዜ ስንቅ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። እናታችንን ጉልበቷን ያማታል፣ አባታችን በሕይወት የለም። ማክሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ ሌሊት አሥር ሰዓት እነሳለሁ። ወጥ አሞቃለሁ፣ እንጀራ አጥፋለሁ፣ ሁለት ታክሲ እይዛለሁ። ከዚያ ሰልፍ ነው። በሩ ጋ ስደርስ "ቅመሺ" እባላለሁ። እቀምሳለሁ። ፈታሹ ደግሞ ወጡን በማንኪያ ያማስለዋል፤ ምላጭ ወይ ሲም ካርድ እንዳይኖር ነው። ማንኪያው አንድ ነው። የሁሉም ሰው ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚገባው እሱው ነው። አንድ ቀን በሁዳዴ ከፊቴ አንዲት እናት የጾም ሽሮ ይዘው ቆመዋል። ከሳቸው ፊት የነበረችው ልጅ ምንቸት አብሽ ነው የያዘችው። ማንኪያው ከዚያ ወጥቶ ሳይጠረግ እዚህ ገባ። እናትዬው ምንም አላሉም። ምሳ ዕቃቸውን ከድነው፣ በነጠላቸው ሸፍነው፣ ይዘውት ተመለሱ። ልጃቸው የዚያን ቀን ምን እንደበላ እንጃ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው እሑድ እቤት ምሳ ቀረበ። ወንድሜ እንጀራውን ዘረጋና በጣቱ አራት ቦታ ከፈለው። አንዱን ሩብ በላ። ቆመ። ሦስቱ እዚያው ቀረ። "ምነው፣ አልጣፈጠህም?" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ትሪውን አየና ሳቀ። "እጄ ለምዶ ነው" አለ። በቃ። ሌላ ቃል አልተነፈሰም።

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ሥጋውን ቆጥሬ ነበር የማስገባው። ለአንድ ሰው። ለምን ከሳህ ስለው በአጥር ማዶ "ደህና ነኝ፣ እየበላሁ ነው" ይለኝ ነበር። ውስጥ የነበራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እዚያ ምንድን ነው የሚሆነው?

---

አርባ_ሁለተኛው

እህቴ፣ መልሱን ወንድምሽ ነግሮሻል። አራት ቦታ ነው የከፈለው። ማዕድ ነበረው ማለት ነው።

እኔ አራት ዓመት ከሁለት ወር ነው። የቦታውን ስም አልጠራም፤ ጠባዩ የትም ያው ነው። እዚያ ብቻውን የሚበላ ሰው የለም። አለ፣ ግን ስሙ ይጠፋል። አራት አምስት ሆነህ ማዕድ ትገጥማለህ። ስንቅ የሚመጣለትና የማይመጣለት ተደባልቆ ነው። ከኛ ማዕድ አንዱ ከገጠር የመጣ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ መታሰሩን ራሱ የሰሙት ከስምንት ወር በኋላ ነው። የመንግሥት ቀለብ ብቻ ከበላ ይሞት ነበር አልልም፤ ግን ሰው አይመስልም ነበር። ጠዋት ዳቦና ሻይ፣ ቀን እንጀራ በሽሮ። ሽሮው ውስጥ ፊትህን ታያለህ። በኔ ጊዜ ለአንድ እስረኛ በቀን የሚመደበው 9 ብር ነው ይባል ነበር፤ ምግቡም፣ ውሃውም፣ መድኃኒቱም ከዚያው።

ስለዚህ የአንቺ ምሳ ዕቃ አራት ሰው ነው ያኖረው። ሥጋው ስንት ፍሬ እንደነበር እነሱም ይቆጥሩ ነበር፣ እመኚኝ።

ሌላውንም ልንገርሽ፣ ወንድምሽ ስለማይነግርሽ። የኛ ቤት (ክፍሉን "ቤት" ነው የምንለው) ለአርባ ሰው ይሆናል። እኛ ከመቶ በላይ ነበርን። አዲስ ገቢ መጀመሪያ "የሻማ" ይከፍላል። የሚተኛው ደግሞ ሽንት ቤቱ በር ሥር ነው። አልጋ እንደ ኮንዶሚኒየም ነው የሚጠበቀው፤ ልዩነቱ ኮንዶሚኒየም ዕጣ አለው። እኛ ሰው ሲፈታ ነው የምንጠጋው። በተራ ቁጥር 42ኛ ሆኜ ከስድስት ወር በኋላ አልጋ አገኘሁ፤ ስሜ ከዚያ ነው። እስከዚያ ወለል ላይ፣ አንድ ፍራሽ ለሁለት፣ የአንዱ ራስ የሌላው እግር ጋ። በጎን ነው የሚተኛው። ጎንህ ሲደነዝዝ ብቻህን መዞር አትችልም። አንዱ "ዙር" ይላል፣ ረድፉ በሙሉ ይዞራል። ከወጣሁ በኋላ ባለቤቴ ሌሊት "ዙር" ብዬ እንደምጮህ ነገረችኝ።

መብራት አይጠፋም። በሩ ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል። መሀል ላይ ሆድ ያመመው ሰው ካለ የመቶ ሰው ጉዳይ ነው።

---

ቡና_ጠጪዋ

ይሄን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። "ዙር" የሚለው ላይ ስልኬን አስቀምጬ ወጣሁ።

---

ሚዛን_ይስተካከል

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የሚጠላ ነገር ልናገር ነው። የአጎቴን ልጅ በጩቤ ወግቶ የገደለው ሰውዬ አሁን ፍርደኛ ነው። እናቱ በየሳምንቱ ስንቅ ትወስድለታለች። የሟች ሁለት ልጆች ደግሞ አያታቸው ጋ ናቸው፤ አንዳንድ ቀን ምሳ ሳይዙ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ለነሱ በር ላይ የሚሰለፍ ሰው አላየሁም። እስር ቤት ሆቴል ይሁን ነው የምትሉት? የእህታችን ወንድም በነጻ ወጥቷል፣ እሺ። ሁሉም ግን ንጹህ አይደለም።

---

አርባ_ሁለተኛው

ወንድም ሚዛን፣ አልከራከርህም። ከኛ ማዕድ አራተኛው ሰው የገደለ ነበር። ራሱ ነው የነገረን፣ ጎረቤቱን፣ በድንበር መሬት። ከሱ ጋ ለሦስት ዓመት ከአንድ ትሪ በላሁ። መጀመሪያ ሰሞን እጁን እያየሁ መዋጥ ያቅተኝ ነበር። በኋላ ሳንባ ነቀርሳ ያዘው፣ ሌሊት የሚደግፈው እኔ ሆንኩ። እስካሁን ስለዚህ ሰው ምን ማሰብ እንዳለብኝ አላውቅም። ስለ አጎትህ ልጅ ነፍስ ይማር።

---

ሚዛን_ይስተካከል

አሜን።

---

ካባዬን_አውልቄ

ጠበቃ ነኝ፤ ሁለት ነገር ብቻ ልበል፣ ምክንያቱም ነገሩ እየተደባለቀ ነው።

አንደኛ፣ እስረኛ ሲባል ሁለት ዓይነት ሰው አለ። ፍርደኛና ቀጠሮ እስረኛ። ቀጠሮ እስረኛ ገና አልተፈረደበትም፤ በሕግ ፊት ንጹህ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። ከዚያ በኋላ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ በ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን ይፈቀድለታል። በአንድ ጊዜ ነው። ስንት ጊዜ የሚለውን ሕጉ አልቆጠረውም፤ ሰው የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። የድሮው የፀረ ሽብር አዋጅ፣ 652/2001፣ ይባስ ብሎ 28 ቀን እያደረገ እስከ አራት ወር ይወስደው ነበር። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ "ምስክር አልቀረበም"፣ "ዳኛ አልተሟላም"፣ "መዝገቡ አልተገለበጠም"። የምሳዕቃ ወንድም ሁለት ዓመት ከሰባት ወር በዚህ መሀል ነው ያለፈው። ብርቅ ጉዳይ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ሁለተኛ፣ ለሚዛን። ፍርዱ እስራት ነው፤ ነጻነቱን ማጣት ነው። "በተጨማሪም በሽንት ቤት በር ሥር ይተኛ" የሚል ፍርድ ጽፎ የፈረመ ዳኛ አላየሁም። አንቀጽ 21 ስለ ሰብአዊ ክብር ሲናገር ለፍርደኛውም ነው። ከትዳር ጓደኛ፣ ከቅርብ ዘመድ፣ ከወዳጅ፣ ከሃይማኖት አማካሪ፣ ከሐኪምና ከጠበቃ ጋር መገናኘትም እንደዚሁ መብት ነው። በሩ ላይ ግን ሁልጊዜ የውለታ ይመስላል።

ስለ ሟች ልጆች ያልከው ልቤን ነክቶታል። እሱን የሚመልስ አንቀጽ ልጥቀስልህ ብዬ ፈልጌ አጣሁ።

---

የድሮ_ሰው

ልጆች፣ እኔ 61 ዓመቴ ነው። ይሄን ስልክ የምነካካው በልጅ ልጄ እርዳታ ነውና ስህተት ቢኖር ይቅርታ።

ስንቅ ስትሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። 1970 ዓ.ም. ነው። የቀይ ሽብር ጊዜ። አባቴ በአንድ ከፍተኛ (ከቀበሌ በላይ ያለው አስተዳደር ነው) እስር ቤት ነበር። እናቴ እንዳትያዝ ስለተፈራ ስንቅ የማደርሰው እኔ ነኝ፣ የ14 ዓመት ልጅ። ማየት የለም፣ መነጋገር የለም። ምሳ ዕቃውን እሰጣለሁ፣ የትናንቱን ባዶ እቀበላለሁ። አባቴ ጨርቁን ሁለት ቋጠሮ ቋጥሮ ይልከዋል። ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ማን አስተማረው አትበሉኝ፣ አንድ ቀን እንዲያ ሆኖ መጣ፣ እናቴም ገባት።

አንድ ቀን ጠዋት ምሳ ዕቃውን ሰጠሁት። ጠባቂው ሳይከፍተው መለሰልኝ። "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጣ" አለኝ። እኔ ተፈቷል ማለት መሰለኝ። ሮጥኩ። መንገዱን በሙሉ ሮጥኩ፤ ወጡ እየተንጠባጠበ እግሬን አቃጠለኝ። እናቴ ከበር ላይ ምሳ ዕቃው እንደሞላ መሆኑን አየች። እኔ "አባዬ ሊመጣ ነው" እያልኩ ነው። በዚያን ጊዜ "ስንቅ አታምጡ" ማለት ምን እንደሆነ ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት።

እናቴ ያን ወጥ አልደፋችውም። ለቅሶ የመጣ ሰው በላው።

---

ምሳዕቃ

አባባ፣ ምን እንደምል አላውቅም። እግዜር ያጽናዎት ማለት ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ይባላል?

---

የድሮ_ሰው

ይባላል ልጄ። ያኔ ያለው ሰው አልነበረም፣ ለቅሶውም ተደብቆ ነው የተለቀሰው።

---

ታሪክ_ወዳድ

ጋሼ ካነሱት ላይ ልቀጥል። ብዙ ወጣት የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ያለበት ቦታ ምን እንደነበር አያውቅም። ከርቸሌ ነው። ቃሉ ራሱ የጣሊያን ነው፣ እስር ቤት ማለት፤ እኛ አፋችን ላይ አሰማምረን አበሻ አደረግነው። ውስጠኛው ክፍል ደግሞ "ዓለም በቃኝ" ይባል ነበር። ይሄን ስም ማን እንዳወጣው ባላውቅም እስረኛ ነው ያወጣው ቢሉኝ አምናለሁ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ 60 ሰው የረሸነው እዚያ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተወልድ ከነሱ አንዱ ናቸው። ጥር 2004 ላይ አዲሱ የኅብረቱ ሕንጻ ሲመረቅ አጥሩ ሥር የቆሙት የድሮ እስረኞች ምን እንዳሰቡ እንጃ።

ማዕከላዊም፣ የፖሊስ ምርመራ እስር ቤት የነበረው፣ በ2011 መጨረሻ ለጉብኝት ሲከፈት ሄጄ አይቼዋለሁ። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እሩቅ አይደለም። በየቀኑ በዚያ በኩል ለዓመታት አልፌያለሁ። ቀዝቃዛዎቹን ክፍሎች እስረኛው "ሳይቤሪያ" ይላቸዋል። ትንሽ ሻል የሚለውን ክፍል "ሸራተን"። ሸራተን! ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አፈርኩ። ካጠገቤ የነበረ ሰውዬ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ይሄድ ነበር። አንዱ ጥግ ላይ ቆመና "እዚህ ጋ ነበር የምተኛው" አለ። ለማንም አልነበረም የተናገረው። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ "ጠቦኛል" አለና ወጣ።

---

አርባ_ሁለተኛው

ሸራተን የሚለው ገብቶኛል። እኛም የሽንት ቤቱን በር ሥር "ሐዋሳ" ነበር የምንለው። ውሃ ዳር ስለሆነ።

---

ማማ_ላይ

ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። ግን የማንኪያዋ ነገር ያዘችኝ።

ስድስት ዓመት ጠባቂ ነበርኩ። አሁን ለቅቄ ባጃጅ ነው የምነዳው። እህቴ፣ የማማሰሉ ነገር ከክፋት አልተጀመረም። አንዴ ዶሮ ወጥ ውስጥ፣ እንቁላሉ መሀል፣ ምላጭ ተገኝቶ ነው። በዚያ ሳምንት ሰው ተጎድቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወጥ ይማሰል ተባለ። ትእዛዙ መጣ፣ ማንኪያ ግን አልመጣም። ሁለት ማንኪያ፣ አንዱ ለጾም አንዱ ለፍስክ፣ ብሎ ያሰበ የለም። እኔም አላሰብኩም። አሁን አንቺ ስትጽፊው ነው የገባኝ።

ሌላም ልናዘዝ። እናንተ አሥር ሰዓት ተነስታችሁ አሥራ አንድ ሰዓት ተሰልፋችኋል። እኛ የምንከፍተው ሦስት ሰዓት ነው። ለምን ሦስት ሰዓት? ማንም አያውቅም። እኔ ስቀጠርም ሦስት ሰዓት ነበር። ከማማው ላይ ሆኜ አያችሁ ነበር፤ ነጠላ የለበሱ እናቶች ዝናብ ሲመጣ ራሳቸውን ትተው ምሳ ዕቃውን ይሸፍናሉ።

እኛም እዚያው ነበር የምንኖረው፣ ደመወዙም አሳፋሪ ነበር። ይሄን የምለው ይቅርታ ለመለመን አይደለም።

---

ዛሬም_አልረሳም

የሚያሳዝነኝ አንተ ዛሬ "አላሰብኩም" ስትል ሰው የሚያመሰግንህ መሆኑ ነው። እኔን የመታኝም ሰው ያኔ አላሰበም ነበር። ሦስት ጥርሴ የለም። ባጃጅ እየነዳ ይሁን አላውቅም።

---

ማማ_ላይ

ልክ ነህ። አልመልስልህም።

---

የመድረኩ_አስተዳዳሪ

ክሩ ጥሩ እየሄደ ስለሆነ አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። የሰው ስም፣ የኃላፊ ስም፣ ስልክ ቁጥር አትጻፉ። ሁለት ምላሽ በዚህ ምክንያት አንስቻለሁ። ቀጥሉ።

---

እናቷ

እኔ የማወራው ስለ ልጄ ነው።

ስታሰር የአምስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ልጄን ሆስፒታል ወለድኳት፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ውስጥ ተመለስን። ያኔ ሕጉ ሕጻን ከእናቱ ጋር የሚቆየው እስከ 18 ወር ነው ይል ነበር። 18 ወሯ ሲሞላ የሚወስዳት ሰው ጠፋ። አባቷ ሄዷል፣ እናቴ ሞታለች። ስለዚህ እዚያው ቆየች፤ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር እስኪቀረው።

እዚያ ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ እናቶቿ ነበሩ፣ ይሄን አልክድም። ዳንቴል ሠርታ ከሸጠችው ላይ ወተት የምትገዛላት አንዲት ፍርደኛ ነበረች፤ የራሷን ልጆች ዘጠኝ ዓመት አላየችም። ለልጅ የሚመደብ የተለየ ምግብ አልነበረም። እኔ የምበላውን ነው የምትበላው። በርበሬውን በውሃ እያጠብኩ።

ከወጣን በኋላ ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው በር ነው። በር ራሷ ከፍታ አታውቅም። ክፍት በር ፊት እንኳ ቆማ ሰው ያሳልፈኛል ብላ ትጠብቃለች። ሁለተኛው፣ ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ግድግዳ ሥር ሄዳ ትቀመጣለች። እግሯን አጣጥፋ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ። ለካ ለቆጠራ ነው። ስትወለድ ጀምሮ በየማታው ተቆጥራለች። "አልቆጠርሽኝም እኮ" ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን አለቀስኩ። በኋላ "አንድ" እያልኩ ራሷን መንካት ጀመርኩ፤ "አንድ" ስላት ተነስታ ትጫወታለች።

አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። ትታዋለች። የምሳዕቃ ወንድምም ይተወዋል፣ አይዞሽ። ዝም ብለሽ ሩቡን ጨምሪለት።

---

ቀይ_ባሕር_ማዶ

ሁሉንም አነበብኩ። ቢያንስ እናንተ በር ላይ የሚቆም ሰው ነበራችሁ። እኔ ሳዑዲ ውስጥ ባለ አንድ ማቆያ አሥራ አንድ ወር ነበርኩ። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የለኝም፣ ወንጀሌ እሱ ነው። ስንቅ የሚባል ነገር የለም። ማን ያምጣልህ? እናትህ ወሎ ናት።

በየመን በኩል ነው የገባሁት፣ በእግር። ማቆያው አዳራሽ ነው። ስንት መቶ እንደሆንን ቆጥሬ አላውቅም። ኮሮና የመጣ ጊዜ በረራ ቆመ፤ ከውጭ በየቀኑ ሰው ይጨመራል፣ የሚወጣ የለም። ሙቀቱን ልገልጽላችሁ አልችልም። ሰው ሸሚዙን አውልቆ ወለሉ ላይ ይለጠፋል። ሩዝ ይመጣል፣ በትልቅ ትሪ፣ ለአሥርና ለአሥራ ሁለት ሰው። እዚያ ግን እንደናንተ ማዕድ የሚባል አልነበረም፤ የፈጠነ ይበላል። እኔ ፈጣን አልነበርኩም። አንድ የራያ ልጅ ነው ያዳነኝ፣ በክርኑ እየከለለ "ብላ፣ ብላ" እያለ። በኋላ እሱ ራሱ ታመመ። አንድ ጠዋት ስንነሳ አልተነሳም። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እስከ ማታ በር ሥር ነበር። ስልክ ተደብቆ የገባ ስለነበር አንዱ ለቤተሰቡ ደወለ። እኔ መናገር አቃተኝ።

በነሐሴ 2012 የዓለም ጋዜጦች ፎቶውን ሲያወጡት እኛ ውስጥ ነበርን። ከዚያም ብዙ ቆይቶ፣ መጋቢት 2014 ላይ መንግሥት ከመቶ ሺህ በላይ ሰው እመልሳለሁ ብሎ አውሮፕላን መላክ ጀመረ። እኔ ከዚያ በፊት ነው በዕድል የወጣሁት። ቦሌ ስወርድ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ብስኩትና ውሃ ሰጠችኝ። ብስኩቱን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ኪሴ ከተትኩ። ለማን እንደሆነ አታውቁትም? እኔም አላውቀውም።

---

አርባ_ሁለተኛው

አውቀዋለሁ ወንድሜ።

---

ነሐሴ_28

ቤተሰብ በር ላይ መቆሙም የራሱ ሲኦል አለው። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ቂሊንጦ እስር ቤት ሲቃጠል ጭሱ ከሩቅ ይታይ ነበር። መንግሥት 23 ሰው ሞተ አለ። የማን ልጅ እንደሞተ ግን ወዲያው አልተነገረም። ሰው ስንቁን እንደያዘ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዞር ሰነበተ። ሌላ የምጨምረው የለኝም፣ ሲነሳ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው።

---

ቡና_ጠጪዋ

አርባ ሁለተኛው፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ? ጠያቂ የሌለው ሰው በጥየቃ ሰዓት ምን ያደርጋል?

---

አርባ_ሁለተኛው

ልብስ ያጥባል።

የምሬን ነው። ስም ሲጠራ ሁሉም ጆሮው በር ላይ ነው። "እገሌ ጠያቂ!" ሲባል የተጠራው ሰው ፊት እንዴት እንደሚሆን አትጠይቂኝ። ፀጉሩን በምራቁ ያስተካክላል። ስሙ እንደማይጠራ የሚያውቅ ሰው ባሊ ይዞ ውሃ ቦኖው ጋ ይሄዳል። ንጹህ ሸሚዝ ቢሆንም ያጥበዋል። ያ የገጠሩ ልጅ ሁለት ሸሚዝ ነበረው፤ በማጠብ ብዛት ነው ያለቁት። ከወጣሁ በኋላ ሁለቴ ሄጄ ጠየቅኩት። ከዚያ ሥራው፣ ኑሮው፣ ምኑ... አቆምኩ። ይሄን ስጽፍ አፍሬ ነው።

---

ሚዛን_ይስተካከል

ካባዬን አውልቄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። አመክሮ የሚባለው እንዴት ነው? ያ ሰውዬ ሊወጣ ነው ሲባል ሰማሁ። ልጆቹ መንገድ ላይ እንዳያገኙት ብዬ ነው።

---

ካባዬን_አውልቄ

የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ የጨረሰና ጠባዩ የተመሰከረለት በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል። ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት። ተይዞ የቆየበት ጊዜም ከፍርዱ ላይ ይታሰብለታል። ስለዚህ ቀኑን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። በውስጥ መልእክት ጻፍልኝ፤ አብረን እንየው። አያትየዋም በድንገት ባይሰሙት ይሻላል።

---

ምሳዕቃ

እናንተ ሰዎች፣ እግዜር ይስጣችሁ።

ትናንት ማታ ስልኬን ለወንድሜ ሰጠሁትና "አንብበው" አልኩት። ሳሎን ሶፋው ላይ ተኝቶ አነበበው። አንድ ሁለቴ ሳቀ፤ "ሐዋሳ" የሚለው ላይ መሰለኝ። ከዚያ ለረጅም ሰዓት ዝም አለ። ተኝቷል ብዬ መብራቱን ላጠፋ ስነሳ "አታጥፊው" አለኝ። እስካሁን መብራት ሳይጠፋ እንደሚተኛ ልብ አላልኩም ነበር።

ከዚያ አወራ። ማዕዱ አራት ነበሩ። አንዱ ተፈትቶ ጅማ ነው። አንዱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። አራተኛው እዚያው ነው፤ ጠያቂ የለውም። የእኔን ምስር ወጥ ይወድ ነበር አለኝ፤ "የእህትህ ምስር" እያለ ቀኑን ይቆጥር ነበር። ስሙን ነገረኝ፣ ለመዝገብ እንዲመቸኝ ከነአያቱ። አንተስ አብረኸኝ አትሄድም ወይ አልኩት። ወደዚያ በር መጠጋት ገና አልቻለም።

ነገ ማክሰኞ ነው። ምስሩን ነክሬዋለሁ። አርባ ሁለተኛው፣ ለአራት ሰው ስንት እንጀራ ይበቃል?

---

አርባ_ሁለተኛው

ስድስት። ከጠፋ አምስት። ድርቆሽ ካለሽ ጨምሪ፣ ሳይበላሽ ይቆያል። በሶም ጥሩ ነው፤ ግን ሳይበጠበጥ፣ ደረቁን። ዘይት አታብዢ፣ ሆዳቸው አይችለውም።

---

ማማ_ላይ

የታደሰ መታወቂያ ያዢ፤ ጊዜው ያለፈ ከሆነ ይመልሱሻል። ዝምድናሽን ሲጠይቁሽ አትደናገጪ፣ እህቱ ነኝ በይ።

ማንኪያ ከቤትሽ ይዘሽ ሂጂ። በዚህኛው አማስሉልኝ በያቸው። አንዳንዱ ይሰማል።